ጥፍርም የእርሻ ጉዳይ ነው

በከፋ ዞን ከቦንጋ ተነሥተን ወደ ጊምቦ፣ ወደ ዴቻ ወይም ወደ አዲዮ ወጥተን ከአንድ ቀበሌ ስንደርስ የምናደርገው የታወቀ ነው። የቡናውን እሸት ፍሬ አገላብጠን ጥቁር ጠባሳ እንፈልግበታለን፤ የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 በአገራችን ከታየ ወዲህ ዐይናችን ይህን ለምዷል። የእንሰቱ የመሐል ቅጠል ጠውልጎ እንደሆነ እናያለን። በማኅበረሰብ ደረጃ እየተመረጠ እንዲረባ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የተደከመበትን የቦንጋ አውራ በግ ይዘን ጥርሱን እንቆጥራለን፤ እግሩን አንሥተን በሰኮናው መካከል ቁስልና መጥፎ ሽታ መኖር አለመኖሩን እንመረምራለን። በጉን አጥብቆ ይዞ የሚያስመረምረንን ገበሬ እጅ ግን አናይም። ሰውን ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ጠጉሩ ማየት የሐኪም ፈንታ ነው ብለን ትተነዋል።

እኛ ይህ አሠራር ልክ አይደለም እንላለን። በዚህ አካባቢ በማሳ፣ በእንሰት መፋቂያና በቡና ማጠቢያ ላይ የምናየው የጥፍር ሕመም ብዙው ከሥራው የሚመጣ ነው። ከሥራው የመጣ ሕመም ደግሞ ሥራው ካልተሻሻለ በቅባት አይድንም። ሥራውን የማሻሻል ኃላፊነት የተሰጠው ለኤክስቴንሽን ሠራተኛውና ለኅብረት ሥራ ማኅበሩ እንጂ ለጤና ጣቢያው አይደለም።

ይህን አስተያየት እንድንጽፍ ያነሣሣን አንድ ቀን ያየነው ነገር ነው። እንሰት በሚፋቅበት ጓሮ ተገኝተን ሥራውን ስንከታተል ውለን፣ ሴቶቹ ሥራቸውን ሲጨርሱ ቡና ተፈላ፣ ቆጮም ቀረበ። የቤቱ እመቤት እንደ ወጉ ሊያጎርሱን እጃቸውን ዘረጉና በመንገድ ላይ መልሰው ሰበሰቡት። «ልጄ ታጉርሳችሁ» አሉ። የአውራ ጣታቸውና የሁለት ጣቶቻቸው የጥፍር ዙሪያ አብጧል፤ ጥፍሮቹ እንደ ታረሰ መሬት ትልም ትልም ሠርተዋል፤ ጠርዛቸውም ወደ አረንጓዴና ጥቁር አድልቷል። ስንጠይቃቸው ሦስት ዓመት እንደሆነው፣ ከሱቅ የተገዛ ቅባት በየጊዜው እንደሞከሩ ነገሩን። «የእንሰት ነው፤ ምን ይደረጋል?» ሲሉም ጨመሩ። ከእኛ ጋር የነበረው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የእኚህን እናት እንሰት በየዝርያው ስም ለይቶ ያውቃል። ጣታቸውን ያየው ግን ያን ቀን ነው። እኛም ያን ጓሮ ስንረግጥ የመጀመሪያችን አልነበረም።

«የእንሰት ነው» ያሉት እውነታቸውን ነው። ጥፍር ራሱ ሕይወት የለውም፤ ሕይወት ያለው ከቆዳ ሥር ተሸፍኖ የሚገኘው መነሻው ነው። ቆዳው ከጥፍሩ ጋር በሚገናኝበት መሥመር ላይ ያለችው ስስ ቆዳ ውሃ ወደ ውስጥ እንዳይገባ የምትዘጋ ክዳን ናት። እንሰት የሚፍቁ ሴቶች ከጧት እስከ ማታ እጃቸው ከጭማቂው አይወጣም። ቅርፊቱን በቀርከሃ መፋቂያ ይፍቃሉ፣ አሚቾውን ይከታትፋሉ፣ ቡላውን በእጃቸው ይጨምቃሉ፤ የፈላውን ቆጮ ከጉድጓድ ሲያወጡም አሲዱ የበረታ ነገር ይነካሉ። ሰሌዳውን በተረከዛቸው ደግፈው ስለሚይዙ እግራቸውም አይቀርለትም። በዚህ ሁሉ ሰዓት ስሷ ክዳን ረጥባ ትላላለች፣ ከዚያም ትነሣለች። በተከፈተው ቀዳዳ ጭማቂው፣ ቆሻሻውና ጀርሙ ይገባል። ዙሪያው ያብጣል፤ መነሻው ስለተጎዳ የሚያበቅለው ጥፍር ወጣ ገባ ይሆናል። እርሾ መሰል ፈንገስ በዚያ ቤቱን ይሠራል፤ አንዳንዴም ጥፍርን አረንጓዴ የሚያደርግ ባክቴሪያ ይጨመርበታል። በር ከፋቹ ግን እርጥበቱ ነው። የገባውን ጀርም በመድኃኒት እየገደሉ በሩን ክፍት መተው፣ አጥሩ ፈርሶ ሳለ ከማሳ ከብት እንደ ማባረር ያለ ድካም ነው።

ይህ ከስድስት ሳምንት በላይ የሚቆየው ሕመም ሁላችንም ከምናውቀው ጥፍረ መጥምጥ የተለየ መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። ጥፍረ መጥምጥ በእሾህ ወይም በጥቂት ጭረት ሳቢያ በአንድና በሁለት ቀን የሚነሣ፣ ሌሊቱን እየጠዘጠዘ እንቅልፍ የሚነሣ፣ መግል የሚቋጥር ነው። ለብ ባለ ውሃ መዘፍዘፍ ይረዳዋል፤ መግል ከያዘ ግን ጤና ጣቢያ ሄዶ ማስከፈት እንጂ ቤት ውስጥ በምላጭ መብጣት አይገባም። ዓመት የቆየውን ጣት ግን ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ያንኑ ሕመም መመገብ ነው። ሁለቱ ሕመሞች በአንድ ስም ስለሚጠሩ ለአንዱ የሚበጀው ለሌላው ሲደረግ እናያለን።

ሦስተኛው ስም «ፈንገስ» ነው። ዛሬ በገበያ የተበላሸ ጥፍር ያለው ሰው ሁሉ ፈንገስ ነው ተብሎ ቅባት ይሸጥለታል። ይሁን እንጂ የተበላሹ ጥፍሮች ተፍቀው በላቦራቶሪ ሲመረመሩ ግማሽ ያህሉ ፈንገስ ሆነው አይገኙም። ሆነው ቢገኙም በወፈረ ጥፍር ላይ የተቀባ ቅባት ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ተርቢናፊን የሚባለው የሚዋጥ መድኃኒት ለእጅ ጥፍር ስድስት ሳምንት፣ ለእግር ጥፍር ዐሥራ ሁለት ሳምንት የሚወሰድ ሲሆን ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል ያለ ባለሙያ ትእዛዝ አይወሰድም። ደግሞም የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚያድግ ሙሉ በሙሉ ለመተካት ስድስት ወር ይፈጅበታል፤ የእግሩ ከዓመት እስከ ዓመት ተኩል ይወስዳል። በሳምንት ጥፍር እናድናለን ለሚሉ ሻጮች መልሱ ይህ ቁጥር ነው። ቅባት ገዝቶ በሁለት ሳምንት ለውጥ አላየሁም ብሎ የሚጥለው ገበሬም ቢሆን ይህን የነገረው ሰው የለም።

እንግዲህ በእንሰት መፋቂያው ቦታ ምን ይደረግ? ብዙ ወጪ የሌለበትን እናስቀድም። ሥራው በመሐል ሲቋረጥና ሲያበቃ እጅ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ፤ ጣት ለጣት በጨርቅ ይድረቅ፤ ከዚያም በቫዝሊን ወይም ጨውና ቅመም ባልገባበት ቅቤ የጥፍሩ ዙሪያ ይታሽ። ጥፍር አጥሮ ይቆረጥ፤ ስሷ ክዳን ግን አትነካ። ሥራው በደቦ ስለሚሠራ የምትፍቀዋን፣ የምትሸከመዋንና የምትጨምቀዋን ከቀን ወደ ቀን ማፈራረቅ ይቻላል፤ አንዷ እናት ሳምንቱን ሙሉ ጭማቂ ውስጥ መዋል የለባቸውም። ይህን የምንለው ቀላል ነው ብለን አይደለም። የቤቱ ውሃ ከምንጭ በጀርባ የሚመጣ ከሆነ፣ ለቆጮው እንጂ ለእጅ መታጠቢያ የሚተርፍ ላይኖር ይችላል። ስለሆነም የልማት ሠራተኛው ስለ ጥፍር ሲያወራ ስለ ምንጭ ማጎልበት እያወራ መሆኑን ይወቅ።

ስለ መሣሪያም አንድ ነገር እንናገር። የእንሰት መፋቂያ፣ የአሚቾ መክተፊያና የቡላ መጭመቂያ መሣሪያዎች በልዩ ልዩ ተቋማት ተሠርተው ተሞክረዋል፤ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ከእነዚህ አንዱ ነው። እኛ የምርምር ሰዎች መሣሪያ ስንገመግም በሰዓት ስንት ኪሎ ፋቀ፣ ስንት ምርት አባከነ ብለን እንጠይቃለን። የሠራተኛዋ እጅ ከጭማቂው ስንት ሰዓት ተገላገለ ብለን ለክተን አናውቅም። መሣሪያውን ከሚገዙት መካከል ግን ይህን የሚጠይቁ እናቶች ብዙ እንደሚሆኑ እናምናለን፤ መሣሪያው በምርት ብልጫ ብቻ ሲሰበክ ያልተቀበሉት፣ በእጅ እረፍት ቢነገራቸው ምናልባት ሌላ መልስ በሰጡን ነበር።

ወደ ኅብረት ሥራ ማኅበራት እንለፍ። የከፋ ቡና ብዙው በደረቁ የሚዘጋጅ ቢሆንም የእሸት ቡና መፈልፈያና ማጠቢያ ጣቢያ ያላቸው ማኅበራት አሉ። በገንዳ ውስጥ የሚያድረው ቡና ማር መሰል ልባሱ ሲፈላ ውሃው እንደ ቆጮው ይኮመጥጣል። በዚያ ውስጥ ቆሞ የሚያማስለው ወጣት፣ በአልጋ ላይ እርጥብ ቡና ሲለቅሙ የሚውሉት ሴቶች ከላይ በተባለው መንገድ ይታመማሉ። ልዩነቱ እዚህ ላይ አሠሪ መኖሩ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪ ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲሰጥና አጠቃቀሙን እንዲያስረዳ ያዛል። ማኅበሩ በመኸር ወቅት ሠራተኛ ሲቀጥር አሠሪ ነው፤ አባላቱ ገበሬዎች ስለሆኑ ግዴታው አይቀርለትም። ጓሮዋ ውስጥ ለምትፍቀዋ እናት ግን አሠሪ የላትም፤ ለእርሷ የቆመ አንቀጽ አላገኘንም። ስለ እርሷ የምንጮኸውም ለዚህ ነው።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። ፌር ትሬድ በሚባለው የፍትሐዊ ንግድ የምስክር ወረቀት ቡናቸውን የሚሸጡ ማኅበራት በእያንዳንዱ ፓውንድ፣ ማለት ግማሽ ኪሎ በማይሞላ ቡና፣ 20 የአሜሪካ ሳንቲም ተጨማሪ ክፍያ ያገኛሉ። ይህ ገንዘብ በምን ላይ እንደሚውል የሚወስነው የአባላቱ ጠቅላላ ጉባኤ ነው። በዚህ ገንዘብ ትምህርት ቤት መሥራትና መንገድ መጠገን የሚያኮራ ነው። ነገር ግን የጓንትና የቦት ጫማ ግዢ በአጀንዳ ላይ ቢቀርብ የሚቃወም አባል ይኖራል ብለን አንገምትም። የሚጎድለው አቅራቢው ነው።

ጓንት ሲገዛ ግን አስተውሎ ነው። የላስቲክ ጓንት ለረጅም ሰዓት ሲጠለቅ እጅ በውስጡ ያልባል፤ ላቡም ራሱ እንደ ውሃው ይጎዳል። ስለዚህ ከሥሩ ስስ የጥጥ ጓንት ይደረግ፤ የጥጡም ሁለት ጥንድ ይሁን፣ አንዱ ሲረጥብ ሌላው እንዲተካ። የላስቲኩ በየማታው ተገልብጦ ታጥቦ ይሰቀል። የተቀደደ ጓንት ይጣል። ለእንሰት ፍቃ ጓንት ያዳልጣል ብለው የሚተዉትን እናቶች አናስገድድም፤ ለእነርሱ ማድረቁና ማፈራረቁ ይሻላል።

አሁን ወደ እግር እንውረድ። በእግር ጥፍር ላይ ከሁሉ የከፋው ጠላት ሙጀሌ ነው። ይህ ቁንጫ ትውልዱ ደቡብ አሜሪካ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1872 ከብራዚል በመጣች መርከብ ወደ አንጎላ የባሕር ዳርቻ ገብቶ ከዚያ በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ አፍሪቃን አቋርጧል። ሴቷ ቁንጫ በጥፍር ዙሪያና ሥር ትቀበራለች፤ እንቁላሏን ተሸክማ የአተር ፍሬ እስክታክል ታብጣለች፤ እንቁላሉን ወደ መሬት ረጭታ በገባችበት ትሞታለች። ደጋግሞ የተያዘ ልጅ ጥፍሩ ይነሣል፣ ይጣመማል፣ ይወልቃል። በተረከዙ እየረገጠ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ያላያችሁ አትኖሩም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 እከክንና መሰል የቆዳ ላይ ተባዮችን ትኩረት ከተነፈጋቸው የቆላ በሽታዎች ተርታ ሲያስገባ ሙጀሌም አብሮ ገብቷል።

እዚህ ላይ የኤክስቴንሽን ሠራተኛው የራሱን ትምህርት ያስታውስ። የእንሰት አጠውልግ በሽታ ከተክል ወደ ተክል የሚተላለፈው በቢላዋ ስለሆነ፣ ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው ስትሄዱ ቢላዋውን በእሳት አግሙት እያልን ዓመታት አስተምረናል። ገበሬውም ተምሯል። በዚያው ቤት ግን በአንዲት መርፌ ቁልፍ ወይም እሾህ የአምስት ልጆች እግር ሙጀሌ ይወጣል። ከአንዱ ልጅ ደም ወደ ሌላው ደም መርፌዋ ትሸጋገራለች፤ የጉበት ቫይረስም ሆነ ኤች አይ ቪ በዚህ መንገድ ሊተላለፍ ይችላል። ቁስሉ አፈር ሲነካው ደግሞ ቴታነስ የሚባለው መንጋጋ ቆልፍ ይመጣል። ለእንሰት ያስተማርነውን ለልጅ እግር ሳናስተምር መቅረታችን ያሳፍረናል። ሙጀሌ የሚወጣ ከሆነ ለእያንዳንዱ ልጅ የተለየና በእሳት የጋመ ወይም የተቀቀለ መርፌ ይሁን፤ ቁስሉ በሳሙና ይታጠብ፤ የቴታነስ ክትባት መሟላቱ ይጠየቅ። መርፌ ሳያስፈልግ ቁንጫዋን አፍኖ የሚገድል ዳይሜቲኮን የሚባል ዘይት አለና በጤና ኬላው ይገኝ እንደሆነ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትጠየቅ።

ጫማ ብቻውን ሙጀሌን አያስቀርም። ልጁ ጫማውን በሩ ላይ አውልቆ ከገባ በኋላ ከበጉና ከውሻው አጠገብ በአፈር ወለል ላይ ይተኛል፤ ቁንጫዋ የምታድገውም እዚያው ደረቅ አቧራ ውስጥ ነው። ስለሆነም በጉ የራሱ ጋጣ እንዲኖረው ማድረግ የሁለት ሙያ ሥራ ነው፤ የበጉንም ጤና፣ የልጁንም ጥፍር ይጠብቃል። ወለሉ ተደልድሎ ይመረግ፣ ውሃ እየተረጨ ይጠረግ። ከቤት ውጪ ግን ጫማ የሚሠራው ሥራ ብዙ ነው። በባዶ እግር ቀይ አፈር ከመርገጥ የሚመጣው የእግር ዝሆኔ በአገራችን ወደ 1.5 ሚሊዮን ሰው እንደያዘ ይገመታል፤ ይህንንም ጫማና የእግር ንጽሕና ይከላከለዋል። ሁክዎርም የሚባለው ደም መጣጭ የአንጀት ትልም የሚገባው በባዶ እግር ቆዳ በኩል ነው። የሚገርመው፣ በእግር የገባው ትል ምልክቱን በእጅ ጥፍር ላይ ያሳያል፤ ደም ያነሰው ሰው ጥፍሩ ይነጣል፣ ይሳሳል፣ ጊዜው ሲረዝም እንደ ማንኪያ ጎድጉዶ ጠብታ ውሃ ይይዛል። በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ቶሎ የሚደክማትን፣ ሰነፍ የተባለችውን ሴት እጅ አንድ ጊዜ ተመልከቱ።

ስለ ኬሚካል ስንጽፍ ራሳችንን መውቀስ ይገባናል። ፓራኳት የተባለው የአረም ማጥፊያ ጥፍር ሲነካ በጥፍሩ ላይ ነጭ መሥመር እንደሚያወጣ፣ እንደሚያለሰልሰውና እንደሚያወልቀው የእንግሊዝ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1969 ጽፈው አውጥተዋል። የአውሮፓ ኅብረት መድኃኒቱን ካገደ እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ ነው። ጥፍር ላይ የደረሰው ጉዳት ሰውየው ንክኪውን ሲያቆም በወራት ውስጥ ይሽራል፤ ጥፍሩ የተጎዳ ሰው ግን መድኃኒቱ ቆዳውን እየነካው ነው ማለት ነውና ማስጠንቀቂያ ነው። ጉዳቱ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ በርጭቱ ሰዓት ሳይሆን ያልተበረዘው መድኃኒት ሲለካና የተደፈነ የመርጫ አፍ በጣት ሲፈታ ነው። እኛ ታዲያ ባለፉት ጽሑፎቻችን ምን አደረግን? ጓንት፣ ቦት፣ መነጽርና ቱታ የለበሰ ሰው ሥዕል አትመን «እንደዚህ ሁኑ» አልን። ሥዕሉ የተሰጠው ገበሬ በመንደሩ ሱቅ መድኃኒቱን ያገኛል፣ ጓንቱን አያገኝም። ይህን እያወቅን አተምን። ስለዚህ አሁን የምንለው፦ ማኅበሩ ወይም ዩኒየኑ ጓንት የማያቀርብ ከሆነ ያልተበረዘ ኬሚካል አያቅርብ። የጫካ ቡናው በኦርጋኒክ ስም የሚሸጥበት አካባቢ ከሆነማ መርጫውን ማስቀመጥ ለገበያውም ይበጃል።

ያየነው ጥፍር ሁሉ በሽታ ነው እንዳይባል ጥቂት ማስጠንቀቂያ እንጨምር። እርድ ሲያጥቡና ሲቀቅሉ የሰነበቱ እጆች ቢጫ ይሆናሉ፤ የቡና ገለፈትና የእንሰት ጭማቂ ያጠቁራል፤ እንሶስላ የሞቀች ሴት ጥፍሯ ቀልቶ ይቆያል። ቀለም ከሆነ ሲፋቅ ይለቃል፣ ወይም ከጥፍሩ ጋር አድጎ ይወጣል። (እንሶስላ ጣትን ያጠነክራል የሚለው የእናቶቻችን ቃል እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም፤ ተክሉ ፈንገስን የሚገቱ ንጥረ ነገሮች እንዳሉት በላቦራቶሪ ታይቷል። ነገር ግን ቀለሙ ሕመሙን ይሸፍናልና ለመመርመር የሚሄዱ ሴቶች ሳይሞቁ ይሂዱ።) በጥቁር ሕዝብ ዘንድ በብዙ ጥፍሮች ላይ ቡናማ መሥመር ከዕድሜ ጋር መውጣቱም የተለመደ ነው፤ አያስደነግጥም።

የሚያስደነግጠው በአንድ ጥፍር ላይ ብቻ የወጣ፣ እየሰፋ የሚሄድ፣ ጥቁረቱ ወደ ጥፍሩ ዙሪያ ቆዳ የተሻገረ ወይም ሳይመታ የሚደማ መሥመር ነው። በ1997 ዓ.ም. 60ኛ የልደት በዓሉ በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ የተከበረለት ጃማይካዊው ዘፋኝ ቦብ ማርሌ የሞተበት ካንሰር የጀመረው ከእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ነው። በመጀመሪያ የእግር ኳስ ጉዳት መስሎ ታልፎ ነበር። ካንሰር መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1977 ታወቀ፤ በ1981 በ36 ዓመቱ ዐረፈ። በእርሻ ላይ የሚውል ሰው ደግሞ ጥፍሩ ሲጠቁር «ዶማ መትቶኝ ነው» ለማለት ምክንያት አያጣም። የተመታ ጥፍር ደሙ ከጥፍሩ ጋር ወደፊት እያደገ ይሄዳል፤ ካንሰሩ ባለበት ይሰፋል። ይህን ልዩነት ያወቀ የልማት ሠራተኛ አንድ ሰው በጊዜው ወደ ሆስፒታል ቢልክ የዓመቱን ደመወዙን ሠርቷል።

እንዲሁም የጣቶቹ ጫፍ አብጠው ጥፍሮቹ ወደ ታች የተቆለመሙ ሰው የሳንባ ወይም የልብ ሕመም ሊኖርበት ስለሚችል ይላክ። ጣቱ ቆስሎ፣ ጥፍሩ ተሰብሮ የማያመው ሰውም ይላክ፤ ሕመም አለመሰማት የሥጋ ደዌ ምልክት ሊሆን ይችላል። የሥጋ ደዌ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው። የሕመሙን ስም ግን እናንተ አታውጡለት፤ ሥራችሁ መላክ ነው። በሰው ፊትም አትጠይቁ። እጁን የሚደብቅ ሰው ከገበታና ከጉርሻ ራሱን ያገለለ ሰው ነውና ለብቻው፣ በካፊ ኖኖ፣ ስለ ሥራው እያወሩ መጠየቅ ይሻላል።

«ይህ የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ነው፤ የራሳችንን መች ጨረስን?» የሚሉ የሥራ ባልደረቦች እንዳሉ እናውቃለን። የሪፖርቱ ቅጽ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ አይጠፋንም። ይሁንና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሰውየውን የምታገኘው እጁን ታጥቦ ነው። እናንተ የምታገኙት ጭማቂው፣ ጭቃውና መድኃኒቱ እጁ ላይ እንዳለ ነው። እርሷ ሕመሙን ታያለች፣ እናንተ ምንጩን ታያላችሁ። በአንድ ቀበሌ እየሠራችሁ ሳትነጋገሩ ወር የምታሳልፉ ከሆነ የሚጎዳው ያው ሰው ነው።

በእኛ በኩል የተነሣነው በሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ የእንሰትም ሆነ የቡና መሣሪያ ስንገመግም የሠራተኛው እጅ ከእርጥበት ጋር የሚቆይበት ሰዓት እንዲለካ ማድረግ ነው። ሁለተኛው፣ ጓንት የለበሰውን ሰው ሥዕል ከጽሑፎቻችን ማውጣት ነው። በምትኩ የጓንቱና የቦቱ ዋጋ፣ የሚገኝበትም ቦታ ከዘሩና ከማዳበሪያው ዋጋ ጋር በአንድ ሠንጠረዥ እንዲታተም ሐሳብ አቅርበናል። ማኅበራትም ቡና መልቀም ከመጀመሩ በፊት፣ በመስከረም ስብሰባቸው፣ ስንት ጥንድ እንደሚያስፈልጋቸው ቆጥረው ይላኩልን።